ደህና ነው የሚለው መላሽ

የደብረ ብርሃን ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ከፍቶ «ሁሉንም ጠይቅልኝ» ማለት ነው። ፊቱን እንኳ ገና አልታጠበም። እንደምን የሚባለው አገልግሎት እናቱን፣ አክስቱን፣ አበልጁን፣ አንድ ወቅት አብራው የሠራችን የጎንደር ሴት ሳይቀር በየስማቸው ይጠይቅለታል፤ በእነሱ በኩል ያለው መላሽም በእነሱው ድምፅ ይመልሳል። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ሰላም ነው? ይመስገነው። ልጆቹስ? ደህና ናቸው። ከብቶቹስ? (ከብት ያለው ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጥያቄውን ግን የሚያወጣው አልተገኘም።) ሰውየው ጥርሱን ቦርሾ እስኪጨርስ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተጠይቆ ያልቃል። ድሮ ይህን በአፍ ለማዳረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር ይባላል። እንደምንን የሠሩት ሰዎችም ያሰቡት ይህንኑ ነበር፤ ሰላምታችን ረዥም ነው፣ ሰው ደግሞ ሥራ አለበት።

ደብሪቱ የምትሠራው በዚሁ በእንደምን ቤት ነው። ስሟ የቅድመ አያቷ ነው። በዚህ ዘመን ለልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት ፋሽን ሆኗል፤ ሶልያናዎቹና ኤልዳናዎቹ ደግሞ አርጅተው ምርኩዝ ይዘዋል። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራታል። ወደ እንደምን የሚገባን ጥያቄ ሁሉ የሚቀበልና መልስ ሰጥቶ የሚሸኝ መላሽ አለ። መላሹ ሰው አይደለም፤ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። አዲስ ነገር የሚመዘግብ መላሽ አለ፤ የተመዘገበውን የሚያሳይ አለ፤ የሚያርም አለ፤ የሚሰርዝ አለ። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ብቻ መሥራት፣ በሌላው ሥራ እጁን አለማስገባት ነበረበት። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የቸኮለ ሠራተኛ ሁሉ ያሰበውን በቀረበው ቦታ ወሽቆ ሄዷል። ሰራዡ ውስጥ የሚመዘግብ፣ መዝጋቢው ውስጥ የሚሰርዝ፣ አራሚው ውስጥ የቀድሞ አለቃን የሚሰድብ አስተያየት ሳይቀር ይገኛል። ደብሪቱ ለአዲሱ አደረጃጀት ይህን ሁሉ ዓይነት በዓይነት ትለያለች። የተዝረከረከ ቤቷን ያየ ሰው ይህን ሥራ ማን ሰጣት ማለቱ አይቀርም፤ በመሥሪያ ቤቱ ግን እንደ እሷ ነገር ለቅሞ የሚለይ አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ አሳዩን ስትለቅም፣ መሀል ላይ ሥራው ማሳየት ያልሆነ ቁራጭ ትእዛዝ አገኘች። የተጠየቀው ሰው አርፎ ከሆነ፣ ጠያቂው የቅርብ ዘመድ ከሆነ፣ መርዶውም ገና ካልተነገረው፣ ደህና ነው በል ይላል። የጻፈው ሰው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ከሥሩ አስተያየት ትቷል፤ «ሰው መርዶውን ከስልክ አይሰማም። የእድር ዳኛው ‹ተነግሯል› ብሎ እስኪያረጋግጥ ይጠበቅ።»

ደብሪቱ አንብባ ፈገግ አለች። ጨዋ ሰው ነው የጻፈው፣ አለች በሆዷ። እሷ ራሷ መርዶ ሲነገር አይታ አታውቅም፤ ግን ሰምታለች። ድሮ ሰው ሲሞት ዘመዱ ወዲያው አይነገረውም ነበር። ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ያረዳዋል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል። ሟቹን የጠየቀ ቢኖር «ደህና ነው» ይባላል።

ፈገግታው ከፊቷ ሳይጠፋ ሌላ ነገር ታሰባት። እድር የታለ? ቀብር በኮንትራት መሠራት ከጀመረ ወዲህ እድር ፈርሷል፤ ድንኳኑ ተሸጧል፣ ጡሩምባውም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እድር ከሌለ ዳኛ የለም። ዳኛ ከሌለ «ተነግሯል» የሚል የለም። የሚል ከሌለ መላሹ ይጠብቃል፤ መላሽ ደግሞ መጠበቅ አይሰለቸውም።

ስንት እንደሆኑ አየች። መርዷቸው ሳይነገር የቀረ ሙታን ከአንድ የወረዳ ከተማ ሕዝብ ይበልጣሉ። ለባንክ ሞተዋል፤ ለመሥሪያ ቤታቸው ሞተዋል፤ ለግብር ሰብሳቢው ሞተዋል። ለእናቶቻቸው ግን በየማለዳው ደህና ናቸው። የሚያውቁ ወዳጆችም ነበሯቸው፤ እነሱም ሌላ ሰው ይነግራቸዋል ብለው እንደ ወጉ ዝም ብለዋል።

አለቃዋ ያፌት ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለደብሪቱ ይቀላት ነበር።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው» አላት ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ። «አሳይ ያለውን ያሳያል። የሞተን ሰው ደህና ነው ማለት ማሳየት ነው? ውሸት ነው። አውጪው።»

«ካወጣሁት እኮ ሰኞ አዲሱ አደረጃጀት ሲበራ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይሰማሉ። ብቻቸውን፣ ጥርሳቸውን እየቦረሹ።»

«ካላወጣሽውስ? እስከ መቼ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

«ለብቻው አንድ መላሽ እናድርገው እንዳልል፣ ምን ብለን እንሰይመዋለን? ዋሾ?» ያፌት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልሄደለትም። «ስሚ ደብሪቱ፣ እኔም አንቺም መርዶ ነጋሪ ሆነን አልተቀጠርንም። ሰኞ ከላይ የተቆረጠ ቀን ነው፤ እኔ ብፈልግ እንኳ አላስቆመውም።»

ልትወጣ ስትነሳ ያፌት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልኩን ያይ ነበር። እናቱ የምትኖረው ባሌ ነው። እጁ ወደ ስልኩ ሄደና ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብሪቱ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ደህና ነኝ የሚሉት ድምፆች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ እሷም ተራ በተራ ትጠረጥራቸዋለች። አክስቷ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ለስላሳ የሆነችው? የኮሌጅ ጓደኛዋ ለምንድን ነው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሳቅ የሚስቀው? ከወንበሯ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ያስነሳትን ረስታ ተመልሳ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ጅማ ላለው ታላቅ ወንድሟ ለሸዋንግዛው ቀጥታ ደወለችለት።

ቀጥታ መደወል ነውር አይደለም፤ ሰው ግን ይደነግጣል።

«ማን ሞተ?» አለ ወንድሟ ገና ከማንሳቱ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

«ድምፄን ጠዋት አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ? በይ አትደብቂኝ፣ ይኸው ተቀምጫለሁ። አክስቴ ናት?»

«ማንም አይደለም አልኩህ እኮ!»

«እና እንዲህ ልቤን ታፈርሺዋለሽ? አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ! ደሜ ከፍ እንደሚል እያወቅሽ!» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ደብሪቱ በደስታ አለቀሰች። መላሽ አይቆጣም፤ መላሽ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ወንድሟ በሕይወት አለ።

ደስታዋ ግን ከምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ አላለፈላትም። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በራቸው አጠገብ፣ እማማ ኤልዳና የደረጃውን ብረት ተደግፈው ያርፋሉ። እማማ ኤልዳና በጉልምስናቸው የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም የሞተር ድምፅ ሊበልጡ እንደሚጮሁ ሆነው ነው የሚናገሩት። ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ናሆም ይባላል፤ ከባሕር በታች ገመድ በሚዘረጋ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

«ናሆም ደህና ነኝ ብሏል» አሉ ሳትጠይቃቸው። «ይገርምሻል፣ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ አያውቅም። ሕፃን ሳለ እኮ ጉንፋን አይለቀውም ነበር። የባሕር አየር ተስማማው።»

ደብሪቱ መውጣቷን አቆመች። «መቼ ይመጣል ይላል?»

«‹በቅርቡ እማዬ› ይለኛል። ሁሌም በቅርቡ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኛል እንጂ» ብለው ሳቁ። «ግን ደህና ይሁንልኝ። ደህና ከሆነ የትም ይሁን።»

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ደብሪቱ አንድ ስም ብቻ አየች። ናሆም በሩቅ ወደብ በትኩሳት አርፎ እዚያው ተቀብሯል። ጊዜው የሕንፃው አሳንሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተበላሸበት ክረምት በፊት ነው። ሌሎቹን ስሞች ለማየት ልቧ አልደፈረም፤ ከመካከላቸው የምታውቀውን ሰው ታገኛለች ብላ ፈራች።

ዓርብ ያን ቁራጭ ትእዛዝ ከአሳዩ አወጣችው። አሳዩ አሁን ንጹሕ ሆነ፤ ያለውን ብቻ ያሳያል፤ ያፌትም አይቶ አመሰገናት። እስከ ሰኞ የሚሠራው አሮጌው ነው፤ ሰኞ ጠዋት ግን እማማ ኤልዳና እንደ ወትሯቸው ስልካቸውን እስከ መጨረሻው ድምፅ ከፍተው ልጃቸውን ይጠይቃሉ፤ ስልኩም በዚያው ድምፅ አርፏል ይላቸዋል። ይህን የምታደርገው ደግሞ እሷ ናት። ያን ለማስቀረት ከሰኞ በፊት ሰው ሊያረዳቸው ይገባል፤ መርዶ ግን በአንድ ሰው አይነገርም፤ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ከየት ይመጣል? ደብሪቱ በሕንፃው በስም የምታውቃቸው ከእማማ ኤልዳና ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አንደኛው ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ኪሩቤል ናቸው። በወጣትነታቸው ዲጄ ነበሩ፤ ዛሬ በሕንፃው ሽማግሌ ቢፈለግ ግን ከእሳቸው ሌላ አይገኝም። ሁለተኛዋ የግድግዳ ጎረቤቷ ትርንጎ ናት፤ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰው አፍ ውስጥ እንጂ ሰው ቤት ገብታ አታውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኪሩቤል ቤት ተሰበሰቡ።

«እኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ልጅ ሆኜ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «አጎቴ የሞተ ጊዜ። ገና ሳይነጋ ነው የመጡት። በሩ ተንኳኳ፣ እናቴ ከፈተች፣ አየቻቸው፣ ጮኸች። አለቀ። አንድም ሰው ሲናገር አልሰማሁም።»

«እና መናገር አያስፈልግም ማለት ነው?» አለች ትርንጎ፣ ቀለል ብሏት።

«ምን ይነገራል? ሰው ተሰብስቦ በማለዳ በርሽ ላይ ሲቆም፣ ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል?»

ትርንጎ አበባ አዘን ከካርድ ጋር ብንልክስ አለች፤ ጋሽ ኪሩቤል ሐሳቡ እስኪያልፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ከዚያ ነጠላ እንዴት እንደሚዘቀዘቅ ተከራከሩ፤ ሦስቱም አላወቁትም። ማን ከፊት እንደሚቆም ተከራከሩ። ትርንጎ ሰው ፊት አልቅሳ እንደማታውቅና እንዳታፍር እንደምትሰጋ ተናገረች።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሏት ጋሽ ኪሩቤል፤ ለራሳቸውም ያሉት ይመስላል።

እሁድ ማለዳ ከተማው ጉም ውስጥ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ በደረጃው መስኮት እየገባ አጥንት ይፈልጋል። ሦስቱ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ጋሽ ኪሩቤል ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ያንኳኳችው ትርንጎ ናት።

እማማ ኤልዳና በሩን ከፈቱ። አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ ጥቁሩን ካፖርት አዩ። ደብሪቱ ጩኸቱን ጠበቀች።

«ውይ! ውይ! ውይ! እንግዳ!» አሉ እማማ ኤልዳና። ፊታቸው በራ። «ግቡ እንጂ! ምን እግር ጣላችሁ ዛሬ! በስመ አብ፣ ጋሽ ኪሩቤልም! ግቡ፣ ብርድ ነው!»

ጋሽ ኪሩቤል ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ክንዳቸውን ተይዘው ገብተዋል። ቤቱ ውስጥ ከተገዙ ጀምሮ ሰው ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች ነበሩ፤ እማማ ኤልዳና ላያቸው ላይ ያለውን ፕላስቲክ በጥርሳቸው እየቀደዱ አስቀመጧቸው። ሻይ ጣዱ። ዳቦ ቆረሱ። አንዱ ስኒ ከሌላው ጋር አይሄድም። እንጎዳጎዳለሁ ሲሉ ስኳሩ ፈሰሰ፤ ለዚህም ሳቁ። በዚህ ዘመን ሰው ሰው ቤት አይመጣምና፣ በማለዳ ተሰብስቦ በር ላይ መቆም ምን እንደሆነ ረስተውታል። እንግዳ ብቻ ነው የታያቸው።

ጋሽ ኪሩቤል ዳቦ እየቆረጡ ደብሪቱን በዓይናቸው ለመኗት። ማየቱ አልበቃም። ትርንጎ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉን ታያለች።

«ለናሆም ልንገረው» አሉ እማማ ኤልዳና፣ ስልኩንም አነሱ። «ናሆም! እንግዶች መጡልኝ! ቤቱ ሰው በሰው ሆነልህ!»

«ደስ ብሎኛል እማዬ» አለ ከስልኩ ደልደል ያለ የጎልማሳ ድምፅ። «እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ይመስገነው!»

ደብሪቱ መላሹን ለዓመታት በጽሑፍ ታውቀዋለች። እናት ስትሰማው አጠገቧ ተቀምጣ ሰምታው ግን አታውቅም ነበር። ከዚህ በላይ ከቆየች እንደማትናገረው ገባት።

«እማማ፣ ስልኩን ያስቀምጡት» አለች። «የመጣነው ለሻይ አይደለም።»

«ለምሳ ነዋ! ትቆያላችሁ።»

«እማማ ኤልዳና። ናሆም አርፏል።» ወደ እሳቸው ተጠጋች። «ቆይቷል ካረፈ። ታሞ፣ እዚያው በሄደበት ተቀብሯል። የሚያረዳዎት ሰው ጠፍቶ ነው እስካሁን ያልሰሙት።»

እማማ ኤልዳና በየተራ አዩአቸው። ትንሽ ሳቁ፤ ቀልዱ ያልገባው ሰው እንደሚስቅ።

«አሁን አላወራሁትም? ጆሮ የላችሁም?»

«እሱ አይደለም። መላሽ ነው። መርዶ እስኪነገር ደህና ነኝ እንዲልዎት ተጽፎ ነው። እኔ ነኝ እዚያ የምሠራው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የልጄ ድምፅ ነው!»

«ድምፁስ የእሱ ነው፣ እማማ።»

«ናሆም!» አሉ ወደ ስልኩ፣ ተቆጥተው። «ናሆም፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ይኸው!» አሉ እማማ ኤልዳና፣ ስልኩን ለሦስቱም እያሳዩ። «ይኸው! ምንድን ነው ታዲያ የምታወሩት?»

ጋሽ ኪሩቤል ዳቦውን አስቀምጠዋል። ያን ጊዜ ነው እማማ ኤልዳና ትርንጎን ያዩዋት። ትርንጎ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ሻይዋ ውስጥ ይገባል፤ ማፈሯንም ረስታዋለች። እማማ ኤልዳና ረዘም አድርገው አዩዋት። ሰው ለሌላ ሰው ልጅ እንዲህ የሚያለቅሰው በከንቱ አይደለም።

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። የአውቶቡስ ነጂው ድምፅ ከእሳቸው ጠፋ።

«ናሆም» አሉ ቀስ ብለው።

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም።»

ስልኩ ዝም አለ። ደብሪቱ መላሾቹን ሁሉ በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው፤ ለዚህ ቃል መላሽ የለም። በዚህ አገር ደህና ነሽ ተብላ የተጠየቀች ሴት ቤቷ እየተቃጠለም ቢሆን ደህና ነኝ ትላለች። እንደምንን የሠሩት የዚሁ አገር ሰዎች ናቸውና፣ ሌላ መልስ ይመጣል ብለው አላሰቡም። መላሽ የሌለው ነገር ሲመጣ ስልኩ የሚደውለው ለተጠየቀው ሰው ለራሱ ነው።

«አሁን እየጠራ ነው» አለች ደብሪቱ። «ለራሱ ለናሆም።»

«እንጠብቃ» አሉ እማማ ኤልዳና። «እናቱ ደህና አይደለሁም ስትለው ልጄ ዝም አይልም። ይነሳል። ተኝቶም ከሆነ ይነሳል።»

ጠበቁ። ስልኩ ሩቅ ቦታ ይጠራል። ጋሽ ኪሩቤል ከተቀመጡበት ተነሥተው ከእማማ ኤልዳና ጀርባ ቆሙ፤ ለምን እዚያ እንደቆሙ ቢጠየቁ አያውቁትም። ጥሪው አንድ ጊዜ ቀጠነ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። እማማ ኤልዳና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ልጄን» አሉ። ከዚያ ጮኹ፤ ጋሽ ኪሩቤል ከመውደቃቸው በፊት ደረሱባቸው።

በሕንፃው ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም፤ ብዙ ሰው አሳንሰሩ የወደቀ መስሎት ነው የወጣው። ፒጃማ ለብሰው፣ የጥርስ ብሩሽ እንደያዙ፣ ተያይተው የማያውቁ ጎረቤቶች በደረጃው ላይ ቆሙ። ትርንጎ በሩ ላይ ሆና እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ መላሹንም፣ መላሽ የሌለውንም ቃል። ከዚያ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስልኳን ከፈተች። ቀጥሎ ሌላው ከፈተ። ደህና ነኝ የሚሉ ድምፆች ደረጃውን ሞሉት፤ የወንድ፣ የሴት፣ የሽማግሌ። በመካከላቸውም ሰው ወደ ስልኩ አጎንብሶ፣ እንደሚያፍር፣ ደህና አይደለሁም ይላል።

አንዳንዱ ስልክ ወዲያው ጮኸ። ምን ሆንሽ፣ ማን ሞተ፣ ምን አገኘህ እያሉ የሚቆጡ ሰዎች ነበሩ፤ የተቆጡባቸውም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይስቁና ያለቅሱ ነበር። ያልጮኹ ስልኮችም ነበሩ።

ደብሪቱ የእማማ ኤልዳናን እጅ ለትርንጎ አስያዘችና ወጣች። ሰኞ ነገ ነው። አገሩን ሁሉ መድረስ አትችልም፤ ይህን ደረጃ ግን ትችላለች። ጋሽ ኪሩቤል ሳትጠራቸው ተከተሏት። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የተበላሸው አሳንሰር አጠገብ፣ ስሙን የማታውቀው አንድ ሰው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ስልኩ ዝም ብሏል። ሰውየው ሁለቱን አንድ ላይ ሲወጡ ሲያያቸው ወደ ኋላው ግድግዳው ድረስ ሄደ።

«እባካችሁ» አለ። «አትምጡ።»

እነሱ ግን ወጡ።